ዝም ያለ ሞተር

ድምፅ የማያሰማ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላችኋልን? ታናሽ ወንድሜ ያረጀች ቮልስ ሲገዛ ሻጩ ደጋግሞ ያሞገሰለት ዝምታዋን ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ ሸቀጡን የሚያመላልሰውም በእርሷ ስለሆነ፣ የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ እንዲያዩለት ለመንኳቸው። ጥቂት አዳምጠው፣ «መምህር፣ ያላማረኝ ይኸው ዝምታዋ ነው» አሉኝ።

የቮልስ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ በርዶ ነውና በማግስቱ ጠዋት ከፈቱት። በሮከሩ ብሎንና በቫልቩ ጫፍ መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ግን ስሷን የብረት መለኪያ ጨርሶ አላስገባ አለ።

«ክፍተቱ ሲሰፋ ያንኳኳል፤ ቢያንስ ይናገራል። ሲጠብ ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል» አሉ። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። በደንብ ካልተዘጋ እሳቱ በጠርዙ እያለፈ ይበላዋል። በአሮጌዎቹ ቮልሶች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት 3ኛው ሲሊንደር ይበልጥ ይግላል። ዳዶውን ፈትተው፣ ብሎኑን አላልተው፣ ለክተው አሰሩት። ሞተሩ ሲነሳ ቀለል ያለ ትክትክታ ተሰማ። ወንድሜ ቅር ቢለው፣ «ቴስታታ ከማስፈታት ተርፈሃል፤ አልሐምዱሊላህ በል» አሉት።

«የሌሎቹ መኪኖች ዝምታስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በብዙዎቹ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚሠራ ታፔት አለ። በሆዱ ትንሽ ፒስተንና ሞላ ይዞ፣ ዘይት እየሞላ ክፍተቱን ራሱ ይደፍናል። እንደ ቀድሞዎቹ የሼቭሮሌ ቪ8 ሞተሮች ብሎን ባላቸው ላይ፣ ክፍተቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቅና መመሪያው የሚያዘው ዙር ብቻ ይጨመራል፤ ከበዛ ቫልቩ አይዘጋም። ቆሞ ያደረ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ቢያንኳኳ አያስደነግጥም። ካላቆመ ግን አስቀድሞ የዘይቱን መጠንና ንጽሕና ማየት ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝና ነገሩ ከጋራዡ አልፎ ክፍሌ ድረስ ተከተለኝ። ጥያቄ የማይጠይቀውን ልጅ «ጨዋ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ገብቶት ዝም ያለና ጨንቆት ዝም ያለ ግን አንድ አይደሉም። ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁም ዝም ያለ ልጅ ካለ ዝምታውን ከማሞገሳችሁ በፊት ቀረብ ብላችሁ ጠይቁት።