እሳት ልጫር

«እሳት ልጫር» ብሎ ወደ ጎረቤት መሄድን ስንቶቻችሁ ታስታውሱ ይሆን? እኔ ልጅ ሳለሁ በእኛ ፃግብጂ ክብሪት የሚቀመጠው ለመንገደኛና ለክፉ ቀን ነበር። ማታ ማታ እናቴ የምድጃውን ፍም ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች። ጎህ ሲቀድ አመዱን ገለጥ አድርጋ፣ ደረቅ ኩበት ጣል አድርጋበት እፍ እፍ ስትለው ይያያዛል። ፍሙ ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ገል አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልከኛለች። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ለእሳት ግን ማንም ማንንም ከልክሎ አያውቅም።

መድረሳ ገብቼ ጥቂት ሐዲስ መማር ስጀምር በእናቴ ላይ ዑለማ ሆንኩባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው ማዘዛቸውን፣ መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በባለቤቶቹ ላይ መቃጠሉን ሲሰሙም እሳት ጠላታችን መሆኑን ማስጠንቀቃቸውን ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ ልጄ፣ አጠፋዋለሁ። ለሱብሒ የውዱእህን ውኃ በምን ላሙቅልህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ሶሒሕ ሲያብራሩ፣ ትእዛዙ የቃጠሎ ስጋትን ለማስወገድ መሆኑንና ስጋት የሌለበት የተንጠለጠለ መብራት ቢተው ችግር እንደሌለው መጻፋቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን የእናቴ አመድ ትዝ አለኝ።

በ2014 ዓ.ም. ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ በጦርነቱ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ሲጎርፍ እኛም ከነልጆቻችን በእግር ከወጡት መካከል ነበርን። በሁለተኛው ሌሊት ያልጠበቅነው ዝናብ ዳገት ላይ ያዘን። ሦስት ዓመት የሞላት ልጄ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ክብሪት አውጥቼ ስጭረው የእንጨቱ ራስ እንደ ጭቃ ተላጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ሳጥኑን ጨረስኩት። አንድ መንገደኛ ላይተር አወጣ፤ ላይተሩ ይበራል፣ ጭራሮው ግን እርጥብ ነውና ይጨስና ይጠፋል። ሰውየው አውራ ጣቱን እሳት እስኪልሰው ድረስ ሞከረ።

አብረውን የሚጓዙ አንዲት የክርስቲያን ባልቴት በዚህ መሐል ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፈቱ። ለስለት ያዘጋጁት ጧፍ ነበር። «እማማ፣ የቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» አላቸው አንዱ። «ልጅ ከሚሞት ታቦቱ ይታገሠኛል» አሉና ሦስቱን አጣጥፈው ከጭራሮው ሥር ሰደዱት። በላይተሩ ተያያዘ። ነበልባሉ ትንሽ ነበር፤ ግን ሳይጠፋ ቆየ። ጭራሮው ጨሰ፣ ደረቀ፣ ተንጣጣ፣ ነደደ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ዛሬ ተማሪ ናት።

ሰቆጣ በመጠለያ ሳለን ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ቃጠሎ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ደረቅ ሰም ብቻውን በክብሪት አይያዝም። ጥጥ ብቻውን ደግሞ ቦግ ብሎ ወዲያው ያልቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰሙ ቀልጦ በጥጡ ክር ይሳባል፣ ይተናል፤ የሚነደውም ትነቱ ነው። ሰሙ እስኪያልቅ ድረስ ጥጡ ቶሎ አያልቅም። እርጥብ ጭራሮ ከመንደዱ በፊት ውኃው መትነን አለበትና ያጣነው ሙቀት ሳይሆን ጊዜ ነበር።

ስለ ክብሪቱም ላንሳ። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ «ኪብሪት» ማለት ድኝ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዎከር ተፍቆ የሚነድ ክብሪት መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1827 ነበር። ዛሬ በየሱቁ የምንገዛው ክብሪት ግን እሳቱን የሚያስነሳው ቀይ ፎስፈረስ ያለው በእንጨቱ ራስ ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ጎን ላይ ነው። እንግዲህ እንጨቱን አድርቆ ሳጥኑን ማርጠብ ትርፉ ድካም ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ እኔም ጧፉን በራሴ መንገድ ልሠራ ተነሳሁ። ዋግ የማር አገር ነው፤ ማር ሲጨመቅ የሚቀረውን ሰፈፍ ከንብ አርቢ በቀላሉ አገኘሁ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ግን ያሳፍራል። ሰፈፉን በቆርቆሮ አድርጌ በቀጥታ እሳት ላይ ጣድኩትና ዞር ብዬ ስመለስ ቆርቆሮው በሙሉ ይነዳል። ውኃ ልደፋበት ስሮጥ እናቴ ገፋ አድርጋኝ አክንባሎውን ደፋችበት። ታፍኖ ጠፋ። ውኃ ብደፋበት ኖሮ በእንፋሎቱ ኃይል የሚነደው ሰም ፊቴ ላይ ይረጭ ነበር። የተማረው እኔ፣ የዳነውም እኔ!

ትክክለኛው መንገድ ሰሙን በትንሽ ቆርቆሮ አድርጎ ውኃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በእኛ ደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም። ከዚያ አሮጌ የጥጥ ነጠላ በሁለት ጣት ስፋት ቀድዳችሁ፣ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ በክር እሰሩት። ናይለን የተቀላቀለበት ጨርቅ አይሆንም፤ ይቀልጣል እንጂ ሰም አይስብም። ጥቅሉን ሰሙ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ማውጣቱን ሲተው ጠጥቷል ማለት ነው። አንዱን ጫፍ ሳይነከር ብትተዉትና በጣት ፈታ ብታደርጉት ለክብሪት ይመቻል። ከአናጺ የተገኘ ደረቅ ሰጋቱራም በቀለጠ ሰም ታሽቶ በባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ከተጠቀጠቀ ያገለግላል፤ ለእኔ ግን የጨርቁ ይሻላል፤ ሰጋቱራው ከረጢት ውስጥ ይፈረፈራል። የአውራ ጣት የሚያህል አንድ ጥቅል በሰዓቴ ስይዘው 8 ደቂቃ ነደደ። ዐሥሩን ጥቅል፣ ራሳቸው ሰም የተነከሩ ጥቂት ክብሪቶችና ከሳጥኑ የተቆረጠውን መጫሪያ ጎን ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ የልጆቹ የልደት ወረቀትና የእኔ ዲፕሎማ ካሉበት ከረጢት ጋር ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ለምን እንደሰቀልኩት ቤት ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዋቂዓ ስለምናቀጣጥለው እሳት ሲያወሳ ለመንገደኞች መጠቀሚያ ማድረጉን ይነግረናል። ይህችን አንቀጽ በልጅነቴ በቃሌ ይዣት ነበር፤ ያን ዳገት እስክወጣ ድረስ ግን ለንግድ ጉዞ የሚሄዱ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ለማቀጣጠያ ብላችሁ ፌስታልና የተበጣጠሰ የፕላስቲክ ጫማ ምድጃ ውስጥ መክተቱን ግን ተዉ፤ ጭሱ ለልጆች ሳንባ መርዝ ነው። ላምባ ማርከፍከፍም ስንቱን ፊት አበላሽቷል።

እናቴን፣ «እንግዲህ ማታ እሳቱን አጥፊው፣ ጠዋት በዚህ ታቀጣጥያለሽ» አልኳት። አንድ ሳምንት እሺ ብላ ሞከረች። አንድ ማለዳ የጎረቤት ልጅ ገል ይዛ ስትመጣ ፍም ስላልነበረን ሁለት ጥቅል ሰጥቻት ደስ ብሏት ሄደች። ቀጥሎ ባለው ቀን አልመጣችም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ጎረቤት ስታይ አገኘኋት። «እናቷ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ እንዴት እንዳደረች የምሰማው በዚህች ልጅ አፍ ነበር» አለችኝ። ከሰላት በኋላ ራሷ ሄዳ ጠየቀቻት።

ያን ማታ ፍሙን ሰብስባ እንደ ድሮዋ አዳፈነችው። እኔም ቃል አልወጣኝም፤ በዙሪያው የነበረውን ጭራሮና ገለባ ብቻ ጠርጌ አራቅሁት።