ከስኪየርፌ አናት ላይ

ሳሬክን የወደድኩት ገና ሳልሄድ፣ በካርታው ነው። በሰሜን ስዊድን፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ የተራራ አገር ነው። ምልክት ያለው የእግር መንገድ ደቡብ ምሥራቅ ጥጉን ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ተስፋ ካርታውና ጉልበቱ ነው።

ካርታው ላይ ያሉት ቡናማ መስመሮች በየ20 ሜትር ከፍታ የተሰመሩ ናቸው። ዘርዘር ሲሉ ለጥ ያለ መሬት፣ ጠጋ ጠጋ ሲሉ ዳገት። ስኪየርፌ የሚባለው ተራራ ጋ ሲደርሱ ግን ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር ይመስላሉ። ምን ዓይነት ገደል ቢሆን ነው? እያልኩ ስንት ማታ አፍጥጬበታለሁ።

መስመሮቹን በቀላሉ ያገኘናቸው እንዳይመስላችሁ። አክሴል ሃምበርግ የተባለ ስዊድናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1895 እዚህ ሥራ ጀምሮ እስኪያረጅ ድረስ ተመላልሷል። ያ ሁሉ ሸንተረር በገመድ አይለካም። አንዱን ተራራ ከሁለት ቦታ ፎቶ ያነሱታል፤ የሁለቱ ቦታዎች ርቀት ስለሚታወቅ፣ ከሁለቱም ወደ ጫፉ የሚሄደው መስመር የሚገናኝበትን በስሌት ያገኙታል። ማንም ያልረገጠው አናት ቢሮ ውስጥ ከፍታው ይታወቃል ማለት ነው! ሃምበርግ በብረት የተሠሩ ጎጆዎችም ተክሏል፤ አንዱን ፖርቴ ተራራ ላይ፣ ከ1800 ሜትር በላይ። ሲመሩትና ሲሸከሙለት የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝብ ሳሚዎች ከእሱ በፊት አገሩን በእግራቸው ያውቁት ነበር፤ ምስጋናው ለእነሱም ይድረስ ባይ ነኝ።

ከአክትሴ ጎጆዎች ተነስቼ በስኪየርፌ ጀርባ ወጣሁ። ትንኙን ካርታው አልነገረኝም። ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ድንገት ግን መሬቱ ያልቃል። ከእግሬ በታች 700 ሜትር ያህል ባዶ አየር፣ ከሥር ራፓ ወንዝ ወደ ላይታውሬ ሐይቅ ሲገባ። ወንዙ ከላይ ተራሮቹ ላይ ያለው የበረዶ ግግር የፈጨውን ድንጋይ እንደ ዱቄት ይዞ ስለሚወርድ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ደለሉን እያራገፈ ሐይቁን ይሞላል፣ በደለሉ መሀል በአሥር መንገድ ይከፋፈላል።

ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ ማመሳከር ጀመርኩ። ገደሉ ልክ ነው፣ ሸንተረሮቹም ልክ ናቸው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ግን ከታች ካለው ወንዝ ጋር አልገጥም አሉኝ። አንዲት አረጋዊት ስዊድናዊት መንገደኛ ዞር ዞር ስል አይተው፣ «መንገድ ጠፋህ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔስ አለሁ፤ የጠፋው ወንዙ ነው» አልኳቸው።