አንጓ

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ የወረደና ዛሪማን ያለፈ መንገደኛ አዲ አርቃይ ይደርሳል። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ፤ የአራሽ ልጅ። አንድ ክረምት ለዕረፍት ስገባ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ፣ "አባየ፣ ለጤፉ ዩሪያ ጨምርለት እንጂ" እያልሁ አባቴን ነዘነዝሁት። "ይበቃዋል ልጄ" ቢለኝም አልሰማሁም። በመጨረሻ ትምህርቴን አክብሮ ጨመረ።

ጤፉ ጉድ አሰኘ፤ ረዘመ፣ አረንጓዴው ጠቆረ። መስከረም ላይ ራስ እንዳወጣ የአንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ መጣ። ማለዳ ብናይ ግማሹ ማሳ ጋሽቧል። የቤቱ የዓመት ቀለብ ነበረ። አባቴ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ አንዱን አገዳ በጣቱ ዳሰሰና "አንጓው ገና ለጋ ነው፤ ይነሳ ይሆናል" አለ፤ በቃ።

በኋላ በቤተ ሙከራ የሣር አገዳ በስሱ ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስናይ ነገሩ ገባኝ። አገዳውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ከልጣጩ ሥርና በውኃ መተላለፊያዎቹ ዙሪያ ያለው ስክለረንካይማ ነው፤ ግድግዳው በሊግኒን የጠነከረ፣ ሲጎለምስ ራሱ ሕይወት የሌለው ሕዋስ። የሞተው ሕያውን ያቆማል ማለት ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ግን አገዳው ይሮጣል፤ ርዝመቱ ጥንካሬውን ይቀድምና የገዛ ራሱ ይከብደዋል። በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀውና በምርቱ የተወደደው "ቁንጮ" የተባለው ዘር እንኳ ከመጋሸብ አልዳነም።

አንጓው ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ፣ ቅጠሉ አገዳውን ባቀፈበት ሥር፣ ደጋፊው ኮለንካይማ ነው፤ ሕይወት ያለው፣ ሊግኒን ያልገባበት፣ እየደገፈም የሚለጠጥ። ሣሩ ሲወድቅ የአንጓው የታችኛው ጎን ከላይኛው ይበልጥ ይረዝምና አገዳውን ወደ ላይ ያቀናዋል። አንጓው ካረጀ ግን ይህ የለም፤ የወደቀው እንደ ወደቀ ይቀራል።

የእኛም ማሳ እንዲሁ ሆነ። ከፊሉ ቀና አለ፤ ከፊሉ እንደ ተኛ ፍሬው ሳይሞላ ቀረ። እኔ በመስታወት ያየሁትን አባቴ በጣቱ ያውቀው ኖሯል። የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። አሁን አገር ቤት ስገባ ስሙን እነግረዋለሁ፤ ስለ ዩሪያው ግን አስቀድሜ እሱን እጠይቃለሁ።