በጦርነት መሀል የተለወጡ ወዳጆች

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ኦጋዴን የገባው የሶማሊያ ጦር የሚነዳው ታንክ ሶቪየት ሠራሽ ነበር። ከሰማይ የሚመክተው የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ጄት ደግሞ የአሜሪካ ሥራ። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ፣ ከእኛ ጦር ጎን የተሰለፉት የሶቪየት አማካሪዎችና የኩባ ወታደሮች ነበሩ።

ይህን «ክህደት» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ሶማሊያውያን ሞስኮን እንዲያ አሏት፤ እኛም ዋሽንግተንን። ገንዘብ የተከፈለበት መሣሪያ በጭንቅ ቀን ሲቀር ማን ሌላ ስም ያወጣለታል? እኔ ግን ነገሩ ከዚያ በፊት የጀመረ ይመስለኛል። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የፈለጉት ኦጋዴንን ነበር፤ በ1966 የወዳጅነት ውል የፈረሙላቸው ሶቪየቶች ደግሞ የበርበራን ወደብ። በሰላሙ ጊዜ ሁለቱ ምኞቶች ሳይጋጩ አብረው አደሩ። ጦርነት ሲመጣ ግን አንዱ ለሌላው መሥዋዕት መሆን ነበረበት።

የእኛና የአሜሪካም ወዳጅነት እንዲሁ ነው። በ1945 ዓ.ም. የጦር ዕርዳታ ውሉ ሲፈረም ዋሽንግተንን የሳባት አስመራ ላይ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነበር፤ ከደጋው ከፍታ የሩቅ ሬዲዮ ይጠለፍበት ነበር። ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ዋጋ ወረደ። በ1969 የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት የጦር ዕርዳታ አቋረጠ። ጥሰቱ እውነት ነበር፤ ያ ዓመት የስንቱን እናት ቤት እንዳጨለመ እናውቃለን። ቃኘው እንደ ድሮው ቢያስፈልጋቸው ኖሮ ግን ውሳኔው እንዲያ የሚቀልላቸው አይመስለኝም። ደርግ በሚያዝያ ጣቢያውን ዘጋ፤ የደርጉ መሪ መንግሥቱም ወዲያው ሞስኮ ሄዱ።

ሶቪየቶች ሁለቱንም ይዘው ለመቆየት ተመኝተው ነበር። በመጋቢት 1969 የኩባው መሪ ካስትሮ ሁለቱን መሪዎች የመን ውስጥ ኤደን ላይ አገናኝተው በፌዴሬሽን ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ዚያድ ባሬ አልተቀበሉም። ኅዳር 4 ቀን 1970 ሶቪየቶችን ከአገራቸው አስወጡ፣ ውሉንም ሰረዙ። አሜሪካ ክፍተቱን ትሞላለች ብለው ነበር። ነገር ግን የአፍሪካ መንግሥታት በ1956 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ድንበር ይከበር ብለው ተስማምተዋል፤ ድንበር ጥሶ የገባን ጦር ማስታጠቅ ለዋሽንግተን ከበዳት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የታንከኛው ነገር ነው። የሶማሊያው ታንከኛ መለዋወጫና ጥይት የሚልክለት አገር በድንገት ከጠላቱ ጋር ቆመ። አሠልጣኞቹ ልምዱንና ድካሙን፣ እንዴት እንደሚያጠቃና የት እንደሚሳሳ ያውቃሉ። የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ በነበሩበት ዘመቻ ጅጅጋ አጠገብ ያለውን የካራማራን በር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በሄሊኮፕተር ከተራራው ጀርባ ወረደ። በእኛም በኩል በእንግሊዝኛ መመሪያ የሠለጠነ ወታደር ውጊያው ሳይቆም አዲስ መሣሪያ መልመድ ነበረበት። ውል የሚያፈርሰው መሪ ነው፤ የፈረሰውን ውል በሥጋው የሚከፍለው ግን ጉድጓድ ውስጥ ያለው ነው።

ከዚያም አሜሪካኖች በ1972 በርበራ ገቡ። በመጋቢት 1980 ደግሞ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ መንግሥቱና ዚያድ ባሬ፣ ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁና አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ ተስማሙ። ኤርትራ ውስጥ አፋቤት በአማፂያን እጅ ከወደቀች ገና ሳምንታት ነበር፤ ኤደን ላይ ካስትሮ ያላሳኩትን እርቅ ያመጣው በየቤታቸው የነደደው እሳት ነው።