የእንጦጦ መንገድ ጎረቤቶችና ውሾቻቸው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። እኛ ጠዋት ጠዋት እንወጣዋለን። ሦስት ነን፤ ሦስታችንም የስድስት ኪሎ ተማሪዎች። ቅዳሜና እሑድ ከላይኛው ሰፈር ፊደል እናስቆጥራለን። በሌላው ቀን እንዲያው ለእግራችን እንሄዳለን።

መንገዱን ለማታውቁት እንንገራችሁ። ከታች የሸማኔዎች ሰፈር አለ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። በማለዳ ስታልፉ የመወርወሪያው ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ወደ ላይ ስትወጡ ቤቱ ይሳሳል፤ ባሕር ዛፉ ይበዛል። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ነው። ምኒልክ ዘውድ የጫኑትም እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም፣ በ1882 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ብርዱ ይነክሳል፤ ትንፋሽ ያጥራል። እኛ ባዶ እጃችንን ስናለከልክ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶች «አይዟችሁ ልጆቼ» እያሉን ያልፋሉ። እንዴት አናፍር!

ሌሊት ከጫካው ጅብ ይወርዳል። ስለዚህ ውሻ የማያሳድር ቤት ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አላወቅንም ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አራት ውሾች ከየአጥሩ ወጡብን። ሮጥን። እነሱም ሮጡ። ከእኛ አንዱ ጫማውን ጥሎ ሄደ።

የጥጉ ግቢ ዘበኛ በሩ ላይ ቆመው ይስቁ ነበር። «ለምን ትሮጣላችሁ? የሚሮጥ ሰው ካያችሁ እናንተስ ሌባ ነው አትሉም?» አሉን። ከዚያ አስተማሩን። ውሻ ሲመጣ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ዓይን ዓይኑን አለማየት ነው። ባሰ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ነው፤ መወርወር ግን አያስፈልግም። «ከሁሉም በላይ» አሉ ጋሼ፣ «ከእኛ ጋር ተዋወቁ። ባለቤቱ ሰላም ያለውን ሰው ውሻው አይነካም።» የወደቀውን ጫማም መቻል የሚባለው ውሻቸው አፍ ውስጥ አገኘነው።

እንግዲህ ሰላምታው በዚህ ተጀመረ። ከዘበኛው ቀጥሎ እማማ አሉ። በራቸው ላይ አምባሻ ይሸጣሉ። ነጯ ቡቺ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። እማማ ሰላምታ ሳንጨርስ አያሳልፉንም። እንዴት አደራችሁ፣ እናታችሁ ደወለች ወይ፣ ቁርስ በላችሁ ወይ ይሉናል። ቡቺም ጅራቷን እየቆላች ትሰማለች። አንድ ቀን ቸኩለን በሩቁ እጃችንን አንሥተን ብናልፍ፣ ቡቺ ጮኸችብን። እማማ «ደግ አደረገች!» አሉ።

ከዚያ በላይ ያሉት ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እንዳየናቸው «እንዴት አደሩ አባባ» ብንላቸው፣ «ምን አገባህ!» ብለው ጮኹ። ክው አልን። ለካ ውሻውን እየጠሩ ነው። የውሻው ስም ምን አገባህ ነው! ነገሩ እንዲህ ነበር። አባባ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ተጣልተው ነበር። በዚያው ሰሞን ቡችላ አመጡ። ጎረቤታቸውን መሳደብ ነውር ስለሆነ፣ ቡችላውን በአጥሩ ላይ ጮክ ብለው «ምን አገባህ! ና!» ይሉት ጀመር። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። የውሻው ስም ግን ቀረ። «ምን ላድርግ? ለምዶታል» ይላሉ። ዛሬ ያው ጎረቤት አጥንት ይዞ «ምን አገባህ፣ ና ብላ!» ሲል ሰፈሩ ይስቃል። እኛ የሳቅነው ግን ከሁሉም በላይ ነው።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. አንድ እሑድ ሳቁ ተቋረጠ። ከላይ ስንወርድ ማንም የማያውቀው ውሻ ከጫካው ወጣ። አፉ ያረገርጋል፤ አካሄዱም የሰከረ ሰው ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ ባቱን ተነከሰ። መቻል ዘሎ ገባበት። ተናከሱ። እንግዳው ውሻ ሸሸ፤ በማግሥቱ ሞቶ ተገኘ።

ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ «ጠበል ይወሰድ» አለ። ሌላው «ቅጠል አለ» አለ። እኛ ደንግጠን ቆመናል፤ የተማርነውም ሁሉ ጠፋብን። እማማ ግን ሳሙናቸውን ይዘው መጡ። «ጠበሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ሳሙና!» ብለው ልጁን ቦኖው ሥር አስቀመጡት። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠቡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ።

የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን ክትባት በ1877 ዓ.ም. በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ሰጡት፤ ልጁም ዳነ። የእኛም ሰፈር ልጅ መርፌውን ቀጠሮ ሳያጓድል ጨረሰ። አሁን ዳገቱን ከእኛ ቀድሞ ይወጣል።

መቻልስ? መቻል ተነክሷል፤ ክትባት አልነበረውም። ጎረቤቶች «ይገደል» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም አንዱ እንዲሁ አለ፤ ሌሎቻችንም መልስ አጣን። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራቸው። አንዱ መግደል ነው። ሌላው ክትባት ሰጥቶ ስድስት ወር ሙሉ ማንም ሳይነካው ለብቻው ማቆየት ነው። ጋሼ ሁለተኛውን መረጡ። ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ አጠሩለት። ምግቡን በረጅም እንጨት ይገፉለታል። ቡቺና ምን አገባህም በዚያው ሳምንት ተከተቡ። የምን አገባህን መርፌ የከፈለው ያ ጎረቤት ነው።

አሁን ስናልፍ መቻል ድምፃችንን ያውቃል። ከቆርቆሮው ጀርባ ይጮሃል፤ እኛም በሩቁ «እንዴት አደርክ መቻል» እንላለን። ጋሼ ቁጥር መጻፍ የተማሩት በዚህ ዓመት ነው። እሑድ እሑድ በበሩ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። በመጋቢት መጀመሪያ 2017 ዓ.ም. ስናልፍ «17» ጽፈዋል። ከሥሩ «9 ቀረ» ይላል። የዘጠኝ ቁጥር እግር ወደ ግራ ዞሮባቸዋል። አላረምናቸውም።