ኢንጂነሩ ልጄ ጠበቃ ሲሆን

«ሲስተር፣ ኢንጂነሩ ልጅሽ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር ጎረቤቴ፣ ቡና በጠጣን ቁጥር። እኔም «ደህና ነው» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ጠበቃ ሆነ ብዬ መናገር አፍሬ ነበር።

ልጄን ያሳደግኩት ሌሊት ተረኛ እየገባሁ ነው። አምስት ኪሎ ገብቶ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ሲመረቅ ድካሜ ሁሉ ተረሳኝ። አሜሪካ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ፤ ሥራም ያዘ። ከዚያ አንድ ቀን ደውሎ «እማዬ፣ ማታ ማታ ሕግ ልማር ነው። የፓተንት ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ» አለኝ። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለወረቀት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። አራት ዓመት ተምሮ ሲመረቅ እንድመጣ ጠራኝ፤ ደም ግፊቴን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ። ያን ጊዜ ግፊቴ ደህና ነበር።

አምና ምራቴ ወልዳ ላርሳት ቨርጂኒያ ሄድኩ። አንድ ሌሊት ሕፃኑን ታቅፌ ወጥ ቤት ስገባ፣ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ዘርግቶ ይጽፋል። ጠጋ ስል ሸፈነው። «ይሄ ገና ያልወጣ የደንበኛ ምስጢር ነው፤ የታተመውን ላሳይሽ» ብሎ ሌላ አመጣ። የግሉኮስ ጠብታ መቆጣጠሪያ ነበር። 30 ዓመት በእጄ ያሽከረከርኩት ዕቃ!

እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ፈጣሪው ሥራውን በዝርዝር ለሕዝብ ይገልጻል፤ በምላሹ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራው ይጠበቅለታል። ጥበቃው ግን በጽሑፉ መጨረሻ ባሉት ባለ ቁጥር ነጥቦች ልክ ነው፤ እያንዳንዱም ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «ሁለት ጥርስ ያለው ብዬ ብጽፍ፣ ሌላው አንድ ጥርስ አድርጎ ይሠራውና ያመልጠኛል። በጣም ካሰፋሁት ደግሞ ድሮ የነበረውን ይነካና መርማሪው ውድቅ ያደርገዋል» አለኝ። ለካ በዚያ አገር የፓተንት መሥሪያ ቤቱን ፈተና ለመውሰድ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ግዴታ ነው፤ ሕግ ብቻ የተማረ አይቀመጥም። ምህንድስናውን አልጣለውም ማለት ነው።

«የጤፋችንስ ነገር?» አልኩት። «እሱም የወደቀው በዚሁ ወረቀት ባልሽው ክርክር ነው» አለ። እውነቱን ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ ኔዘርላንድ ውስጥ የተያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም ብሎ ሽሮታል።

አፈርኩ። እኔው ራሴ ተማሪ ነርሶችን «ቻርት ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ለምርቃትህ የቀረሁት አሞኝ አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እማዬ» አለ፣ ቀና ሳይል። ያች መልስ እስካሁን ታመኛለች።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ መንገድ ሲቀይር ከመቆጣታችሁ በፊት «እስቲ ሥራህን አሳየኝ» በሉት። እኔ ይህችን ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ስመለስ የሕግ ምርቃቱን ፎቶ ይዤ መጥቼ ከአምስት ኪሎው ጎን ሰቀልኩት። ጎረቤቴ አይታ «ይሄኛው ደግሞ የምን ነው?» አለችኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ አወራኋት።