«ቤቶች!» የማይል እንግዳ

በአጅባር ደጋ ክረምት ገብቶ ምድሩ ጉም ሲለብስ ዐይን ሥራውን ለጆሮ ያስረክባል። ከጥቂት ክንድ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ግድግዳ በሚሆንበት በዚያ ሰዓት፣ የደጋው ሰው መጪውንና ሂያጁን የሚለየው በድምፅ ነው። የበቅሎ ኮቴ ከአህያ ኮቴ፣ ጭነት ያለበት አጋሰስ ባዶውን ከሚመለሰው፣ ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና ቁልቁል ከሚንደረደር አውቶቡስ ተለይቶ ይታወቃል። በመንገድ ዳር ተወልዶ ያደገ ሕፃን ይህን ፊደል የሚያውቀው ሀ ሁ ከመቁጠሩ አስቀድሞ ነው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ የአጅባር አዛውንት ይህን ፊደል ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ ኖረዋል። ግራ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም ቢሆን መሸት ሲል ሰውን ከጉቶ አይለይም። ሆኖም ለገበያም ሆነ ለለቅሶ ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን ይመለሳሉ። ከመካነ ሰላም በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለ ማርሽ ሲቀይር ይሰሙትና፣ ሳይቸኩሉ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣ ብለው ይጠብቁታል። ሰዎች ስለ ዐይናቸው አዝነው ሲናገሩ፣ «ምርኩዜ ጆሮዬ ነው» ማለት ይወዳሉ።

በዚያ አገር ድምፅ የጨዋነትም ሕግ ነው። እንግዳ ከሰው ግቢ ሲደርስ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቢያገኘው እንኳ፣ ዘው ብሎ አይገባም፤ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ «ይግቡ» እስኪባልም ይጠብቃል። በጨለማ ከኋላ የሚመጣ መንገደኛ ከፊቱ ያለውን እንዳያስደነግጥ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የበቅሎ አንገት ቃጭል ይታሰርለታል። ሸክም የያዘ ሰው ከሩቅ «ጭነት ነው» እያለ ይመጣል። ድምፁን አጥፍቶ በድንገት ከሰው ጀርባ መድረስ የሌባና የአውሬ ጠባይ ነው ተብሎ ይታመናል።

መንኮራኩርም ቢሆን ወደዚህ ደጋ የመጣው በጩኸት ነበር። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ድንጋይ እየተፈለጠና ገደል እየተናደ መንገድ ተጠርጎለት፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ከሳይንት ደጋ ብዙም የማይርቀውን አምባ ወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ እግረኛ መኪናን በሞተሩ ድምፅ ሲያውቀውና ሲጠነቀቀው ኖሯል። ይህን ድምፅ ማንም በሕግ ያዘዘው አልነበረም፤ ነዳጅ በሞተር ውስጥ ሲነድ በራሱ የወለደው ነው። ሳይታዘዝም ግን የቃጭሉን ሥራ ይሠራ ነበር።

አዛውንቱ ዐይናቸውን ሊታከሙ በደሴ በኩል አድርገው አዲስ አበባ ከመምህርት ልጃቸው ቤት መጡ። በማግሥቱ ጠዋት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ በቅርቡ የተሠራ፣ ለእግረኛም ለብስክሌትም ቦታ የተለየለት ሰፊ መንገድ ዳር አደረሰቻቸው። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ለስልሷል። ከመሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ስልኳ ጠርቶ እጃቸውን ለቀቅ አደረገች። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ቆመው አዳመጡ። ከግራ በሩቁ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል። ከቀኝ አንድ የናፍጣ መኪና እያጓራ ይርቃል። ቅርቡ ባዶ ነው ብለው ፈረዱ፤ እግራቸውን አነሡ።

ከአንድ ሕንፃ ግቢ ወጥቶ ወደ መሻገሪያው የታጠፈውን አመድማ መኪና አልሰሙትም። ልጅቱ ጮኻ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ሳበች። ፍሬኑ ተያዘ። ዱላቸው ከጎማው ሥር ገብቶ ቀጭ አለ። በዚያ ሁሉ መካከል ከመኪናው በኩል የተሰማው የዱላው መሰበር ብቻ ነበር።

ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ወርዶ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይቅርታ አባቴ! አላዩኝም እንዴ?»

«ለማየቱማ ልታከም ነው የመጣሁት፤ ልጄ። ኧረ አንተስ ለምን አልተነፈስክም?»

«ኤሌክትሪክ ነው አባቴ፤ ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ ምን ብሎ ነው ከሰው ፊት የሚደርሰው?»

ወጣቱ መልስ አጣ። የዱላውን ስባሪ አንሥቶ አቧራውን በእጁ ጠርጎ ሰጣቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጃቸው፣ «አባዬ፣ እንዲህ ያሉት መኪኖች በዝተዋል፤ ከእንግዲህ በጆሮዎ አይመኑ፤ ዐይንዎን ከመንገዱ ላይ ያድርጉ» አለቻቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና፣ «ዐይኔንማ ከየት ላምጣው?» አሏት።

ይህ ጥያቄ የአንድ አዛውንት ጥያቄ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት አስታወቁ። እንዲህ ያለ እርምጃ በመውሰድ ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ መሆኗም በየአገሩ ተነገረ። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከአገር ወንዝ ይመነጫል። ከቦረናና ከሳይንት ገደል ሥር የሚያልፈው ዓባይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውስጥ ኃይል ሆኖ ይወጣል። የአዛውንቱን ዱላ የሰበረው መኪና በአገራቸው ወንዝ ጉልበት ይሄድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጭስ የለውም፤ የከተማን ጆሮ አያደነቁርም። እንዲህ ያለውን ሥልጣኔ መጥላት አይገባም። የሚገባው ሥርዓት ማስተማር ነው።

ሥርዓቱን ለማስተማር በቅድሚያ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪ የሚያሰማው ድምፅ ከሁለት ምንጭ ይመጣል፤ አንደኛው ሞተሩ ሲሆን ሁለተኛው ጎማው ከመንገድ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ነው። በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ፍጥነት በላይ የጎማው ድምፅ ስለሚያይል የኤሌክትሪኩም የነዳጁም መኪና ይሰማሉ። አደጋው ያለው ከዚያ በታች ባለው ዝግታ ውስጥ ነው። ይኸውም መኪና ከግቢ ሲወጣ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ በመታጠፊያ ሲዞር፣ ወደ መሻገሪያ ሲቀርብ ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ ሰውና መኪና እጅግ የሚቀራረቡባቸው ቦታዎች ናቸው። በጠጠር መንገድና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ኮረቱ ራሱ ስለ መኪናው ይናገራል፤ አስፋልቱ እየለሰለሰ በሄደ መጠን ግን ያም ምስክር ዝም ይላል። እንግዲህ መንገዱ ባማረ ቁጥር ጥንቃቄው መብዛት ይኖርበታል።

ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ከ2013 እስከ 2017 የደረሱትን የእግረኛ አደጋዎች መርምሮ፣ በተጓዙት ርቀት ልክ ሲሰላ፣ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች እግረኛን የመግጨታቸው መጠን ከነዳጅ መኪኖች እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። ልዩነቱም በገጠር ሳይሆን በከተማ ጎልቶ ታይቷል። በአሜሪካ አስቀድሞ የተደረገ ጥናትም ሃይብሪድ መኪኖች እግረኛንና ብስክሌተኛን ይበልጥ እንደሚገጩ አሳይቶ ነበር።

በየአገሩ ይህን ጉዳይ አንሥተው ቀድመው የጮኹት የዓይነ ስውራን ማኅበራት ናቸው። ነጭ በትር ይዞ ከመሻገሪያ ላይ ለሚቆም ሰው የሞተር ድምፅ መብራቱም ፖሊሱም ነው፤ ያ ድምፅ ሲጠፋ ብቻውን የመውጣት ነፃነቱ አብሮ ይጠፋል። ጩኸታቸውም ተሰማ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያ አወጣች። አሜሪካ በ2011 መጀመሪያ ሕግ አጸደቀች። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሚዘጋጀው ቁጥር 138 ደንብ በ2016 ጸደቀ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2019 አንሥቶ አዲስ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ከ2021 አንሥቶ ደግሞ አዲስ የሚሸጡት ሁሉ፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነትና ወደ ኋላ ሲሄዱ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰሙ አዘዘ። በአሜሪካ ወሰኑ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ነው። አንዳንድ ቀደምት መኪኖች ሹፌሩ ድምፁን የሚያጠፋበት ቁልፍ ነበራቸው፤ በኋላ የተሻሻለው ደንብ ቁልፉን ከለከለ። መከልከሉም ተገቢ ነው፤ የቃጭሉ ጥቅም ለበቅሎው ሳይሆን ከፊቱ ላለው መንገደኛ ነውና።

እዚህ ላይ፣ «ጥሩምባ እያለ ሌላ ድምፅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩምባና ይህ ድምፅ ግን በቋንቋቸው ይለያያሉ። ጥሩምባ ትእዛዝ ነው፤ «ዞር በል!» ይላል። የሚነፋውም ሹፌሩ ሰውየውን ካየው በኋላ ነው፤ ያላየውን ሰው በጥሩምባ ማዳን አይቻልም። የዝግታው ድምፅ ግን ሹፌሩ ቢያይም ባያይም፣ ቢያስብም ባያስብም፣ «መጣሁ» እያለ አብሮት ይሄዳል። አንዱ የጌታ ጠባይ አለው፤ ሌላው የጨዋ እንግዳ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑ፣ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ሲታሰብ፣ መንገዱ በጥሩምባ ትእዛዝ ብቻ መተዳደሩ ለሰፊው ሕዝብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ብስክሌተኛውም ከዚሁ ዕድል አያመልጥም። በባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳናዎች ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው ብስክሌት ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ብስክሌተኛ ዐይኑ ከፊቱ ነው፤ ጀርባውን የሚጠብቅለት ጆሮው ነው። ጉድጓድ ሸሽቶ ወደ ግራ ዘንበል ከማለቱ በፊት ከኋላው የሚመጣ መኖሩን የሚያውቀው ዞሮ በማየት ብቻ ሳይሆን በመስማትም ነው። ከኋላው ያለው መኪና ዝም ካለ፣ ያቺ ትንሽ ዘንበል ማለት የሕይወቱ ዋጋ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ረቂቅ አይደለም። ከውጭ የሚገባውም ሆነ በአገር ውስጥ የሚገጣጠመው የኤሌክትሪክ መኪና የዝግታ ድምፅ ያለው መሆኑ ከሰሌዳው በፊት ይመርመር፤ ማጥፊያ ቁልፍ ካለውም ይዘጋ። አዲስ ሹፌር ሲሠለጥን መኪናው እንደማይሰማ፣ ከግቢ ሲወጣና ወደ ኋላ ሲሄድ የመጠንቀቁ ግዴታ የእሱ መሆኑ ይነገረው። በትምህርት ቤቶች አካባቢ ፍጥነት ይገደብ። መምህራንም ልጆችን «ስሙና ተሻገሩ» ማለትን ትተው «ቁሙ፣ ግራ ቀኝ እዩ፣ ከዚያ ተሻገሩ» ይበሉ። ይህ የመጨረሻው ግን ማየት ለሚችለው ብቻ ነው። ለማያየው ሰው የሚደርስለት ድምፁ ነው፤ ሸክሙም ከደካማው ትከሻ ላይ ሳይሆን ከብርቱው ላይ መዋል ይኖርበታል።

ለኪነ ጥበብ ሰዎችም የተረፈ ሥራ አለ። በሌላው ዓለም የመኪና ድምፅ ለሙዚቃ ጠቢባን መሰጠት ጀምሯል፤ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ድምፅ እንዲቀምርለት ስመ ጥሩውን የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሐንስ ዚመርን ጠርቷል። ነገሩ ግን ዜማ የማውጣት ጉዳይ አይደለም። መኪና እንደ ማሲንቆ ቢያዜም እግረኛው ቆሞ ያዳምጠው እንደሆነ እንጂ አይሸሸውም። ደንቡ እንደሚለው፣ ድምፁ ፍጥነት ሲጨምር እየቀጠነ፣ ሲቀንስ እየወፈረ የመኪናውን አካሄድ መናገር አለበት። በጉልት ገበያ ጫጫታ፣ በዝናብ፣ በቤተ ክርስቲያን ደወልና በመስጊድ አዛን መካከል ሳያደነቁር ተለይቶ የሚሰማው የትኛው ድምፅ ነው? ይህን በኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ቆሞ የሚመረምር ጆሮ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ዘንድ መምጣት ይኖርበታል።

አዛውንቱ የግራ ዐይናቸው ሞራ ተገፎ ወደ አጅባር ተመለሱ። ልጃቸው አዲስ ዱላ ገዝታ ሸኘቻቸው። በየሳምንቱ በስልክ ሲያገኟት ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ «ለዚያ ልጅ መኪና ድምፅ ወጣለት?»

«አባዬ፣ አሁንማ ያያሉ፤ ምን አስጨነቀዎ?»

«እኔማ ማየት ጀመርኩ። የማያየውስ?»

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እየጠየቅን ነው፤ አባዬ» አለቻቸው።

«ጠይቁ። እንግዳ ‹ቤቶች› ማለት ካልለመደ የሚያስተምረው ባለቤቱ ነው።»